ረቂቁ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ሲደርስ፦ በፓርላማ ሥርዓት የትኛው የቬቶ ሥልጣን ይሻላል?

በፓርላማ ሥርዓት መንግሥትን የሚያቆመውም የሚጥለውም ምክር ቤቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ላይ የሚቆየው የምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ እስካለው ድረስ ነው፤ ሕግ የሚያወጣውም ያው አብላጫ ነው። ታዲያ ምክር ቤቱ መክሮ ያጸደቀው ረቂቅ ለፕሬዚዳንቱ ሲቀርብ ፕሬዚዳንቱ ምን ማድረግ ይችላል? መፈረም ብቻ ነው? መመለስ ይችላል? ወደ ፍርድ ቤት መላክ፣ ወይስ ሕዝብ ይወስን ማለት?

ሕገ መንግሥት የሚያረቅቁ፣ ማሻሻያ የሚያጠኑ፣ ወይም በዚህ ክርክር ውስጥ አቋም ለመያዝ የሚፈልጉ ሰዎች ነገሩን ብዙ ጊዜ «ቬቶ ይኑረው ወይስ አይኑረው» ወደሚል ጥያቄ ያሳጥሩታል። እንዲህ ሲያጥር ዋናው ነገር ይጠፋል። ቬቶ የሚባለው፣ ማለትም ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ የማገድ ወይም የመመለስ ሥልጣን፣ ብዙ መልክ አለው። አንዱ ለችኮላ መፍትሔ ነው፣ ሌላው ለሕገ መንግሥት ጥሰት፣ ሌላው ደግሞ በሕዝብና በተወካዮቹ መካከል ለሚፈጠር መራራቅ። ለአንዱ የተዘጋጀውን ለሌላው ማዋል በተለያዩ አገሮች ብዙ ዓመታት የፈጀ መዘዝ አምጥቷል።

የእኔን አቋም ከመነሻው ልናገር። በፓርላማ ሥርዓት የፕሬዚዳንት ቬቶ ተገቢ ሥራ ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ የተናገረውን ነገር፣ ምክንያት ቀርቦበት፣ በአደባባይ ሁለተኛ ጊዜ እንዲናገረው ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕጉን መግደል የፕሬዚዳንቱ ሥራ አይደለም። ከዚህ አልፎ የሚሄድ ሥልጣን በአንድ አገር ሁለት ተፎካካሪ መንግሥታት ይፈጥራል፤ ከዚህ ያነሰው ደግሞ ፊርማውን ሥነ ሥርዓት ብቻ ያደርገዋል። ሌላ ሚዛን ያለው አንባቢ የራሱን ምርጫ ማድረግ እንዲችል ግን የእያንዳንዱን አማራጭ አሠራር እንዳለ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊርማ ብቻ

በዚህ አማራጭ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ይፈርማል፤ ባይፈርምም ሕጉ ሕግ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 ግልጽ ምሳሌ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መክሮ የተስማማበት ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ ይቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ ይፈርማል፤ በ15 ቀናት ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል። ምክንያት ጽፎ ረቂቁን የሚመልስበት መንገድ በአንቀጹ የለም። በእስራኤልም ፕሬዚዳንቱ ሕጎችን ይፈርማል እንጂ የመከልከል ሥልጣን የለውም።

የዚህ አማራጭ ጥንካሬ እርግጠኝነት ነው። ሕጉ መቼ እንደሚጸና ማንም በቀን መቁጠሪያ ሊያሰላው ይችላል፤ የሥልጣን ፉክክርም አይኖርም። ኃላፊነቱም አይደበላለቅም፤ ሕጉ መጥፎ ከሆነ ተጠያቂው ምክር ቤቱ ብቻ ነው። ድክመቱ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ስሕተት ቢያይ እንኳ የሚናገርበት ሕጋዊ መድረክ አለማግኘቱ ነው። አልፈርምም ቢል ተቃውሞው ምልክት ብቻ ይሆናል፤ ምክር ቤቱም መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሁለተኛ ምክር ቤት፣ ጠንካራ ቋሚ ኮሚቴዎችና ነጻ ፍርድ ቤት ባሉበት አገር ይህ ብዙም አይጎዳም። እነዚህ በሌሉበት ግን ረቂቁ ከካቢኔ እስከ ነጋሪት ጋዜጣ ድረስ አንድም «ቆይ» የሚል ድምፅ ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል።

አንድ ጊዜ መመለስ፣ በተራ አብላጫ መሻር

የጣሊያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 74 የዚህ ዓይነቱ ቬቶ ዋና ምሳሌ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ከማወጁ በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ሁለቱ ምክር ቤቶች እንደገና እንዲመክሩበት ሊጠይቅ ይችላል። ምክር ቤቶቹ ደግመው ካጸደቁት ግን ማወጅ ግዴታው ነው። ሕጉ ደግሞ እንዲያልፍ ከመጀመሪያው የበለጠ ድምፅ አያስፈልግም።

በወረቀት ላይ ሲታይ ደካማ ይመስላል። ምክር ቤቱ በማግስቱ ያንኑ ድምፅ ሰጥቶ ሊያልፈው ይችላልና። በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። በ2017 ፕሬዚዳንት ሰርጂዮ ማታሬላ ፀረ ሰው ፈንጂና ክላስተር ቦምብ የሚያመርቱ ኩባንያዎችን በገንዘብ መደገፍን የሚከለክለውን ሕግ መለሱት። የሕጉን ዓላማ የሚቃወም ሰው ማግኘት ያስቸግራል፤ ፕሬዚዳንቱም አልተቃወሙትም። ነገር ግን አጻጻፉ የፋይናንስ ተቋማት ከፍተኛ ኃላፊዎችን ከወንጀል ቅጣት የሚያስመልጥ ቀዳዳ ነበረው። ሕጉ ተስተካክሎ በ2021 ጸደቀ። ከእርሳቸው በፊት በ2003 ፕሬዚዳንት ካርሎ አዜሊዮ ቻምፒ የመገናኛ ብዙኃን ሕጉን መልሰዋል። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ራሳቸው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት ስለነበሩ ጉዳዩ በጣም የጋለ ነበር። ምክር ቤቱ በቀጣዩ ዓመት ሕጉን አሻሽሎ አጸደቀው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን አባባል ለሕግ አወጣጥ ከተጠቀምንበት፣ ይህ አማራጭ መልቀሚያ ጊዜ የሚሰጥ ነው።

ሕንድም በአንቀጽ 111 ተመሳሳይ መንገድ አላት። ፕሬዚዳንቱ የገንዘብ ረቂቅ (ስለ ግብርና ስለ መንግሥት ወጪ የሚደነግግ) ያልሆነን ሕግ መመለስ ይችላል፤ ምክር ቤቶቹ አሻሽለውም ሆነ ሳያሻሽሉ ደግመው ካሳለፉት ሊከለክል አይችልም። በ2006 ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም፣ የምክር ቤት አባላት ጥቅም የሚያስገኝ ሌላ መንግሥታዊ ሹመት ደርበው ሲይዙ መቀመጫቸውን እንዳያጡ የሚከላከለውን ረቂቅ መለሱ። ረቂቁ ወደ ኋላም ተመልሶ የሚሠራ ነበር፤ ማለትም በዚያን ጊዜ በመቀመጫቸው ላይ የነበሩትን አባላት ከመባረር ያድን ነበር። ምክር ቤቱ አንድም ቃል ሳይለውጥ ደግሞ አሳለፈው፤ ፕሬዚዳንቱም ነሐሴ ላይ ፈረሙ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ለቬቶው ከንቱነት ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ አልስማማም። የምክር ቤት አባላት ራሳቸውን የሚጠቅም ሕግ ላይ፣ ርዕሰ ብሔሩ ይህ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ በስማቸው ሁለተኛ ጊዜ ድምፅ ሰጥተዋል። መራጩ በመጀመሪያው ዙር ያልሰማውን በሁለተኛው ሰምቷል። አንድ ቬቶ ረቂቁን ባይጥልም የአገሩን ጆሮ ካነቃ ሥራውን ሠርቷል።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። የተመለሱ ሕጎችን ቁጥር ብቻ ቆጥሮ የሥልጣኑን ክብደት መለካት አይቻልም። ፕሬዚዳንቱ መመለስ እንደሚችል የሚያውቅ መንግሥት ረቂቁን ገና ምክር ቤት ሳለ ያስተካክላል፤ የፕሬዚዳንቱ የሕግ አማካሪዎችም አስቀድመው ሥጋታቸውን ይገልጻሉ። ይህ ንግግር በየትኛውም መዝገብ ላይ አይቆጠርም። በተቃራኒው፣ ፕሬዚዳንቱ በካቢኔ ምክር ብቻ እንዲሠራ በሚያስገድድ ሥርዓት፣ ለምሳሌ በሕንድ፣ ከካቢኔው ፈቃድ ውጭ የሚንቀሳቀስበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ሕገ መንግሥት የሚያረቅቅ ሰው የመመለሱን ሥልጣን የሚሰጠውን አንቀጽ ብቻ ማንበብ የለበትም፤ ፕሬዚዳንቱ በማን ምክር ይሠራል የሚለውንም አንቀጽ አብሮ ማየት አለበት።

መመለስ፣ በከፍተኛ ድምፅ መሻር

እዚህ ላይ ሁለት ደረጃ አለ፤ ብዙ ጊዜም ይምታታሉ። አንደኛው ከጠቅላላው የምክር ቤት አባላት ከግማሽ በላይ የሚጠይቀው ነው። በቼክ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ የመለሰው ሕግ ደግሞ የሚያልፈው ከ200 የታችኛው ምክር ቤት አባላት 101 ሲደግፉት ነው። በፖርቱጋል ለአብዛኛው ሕግ ከ230 አባላት 116 ያስፈልጋል፤ ለተወሰኑ መሠረታዊ ሕጎች ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ይጠየቃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በተራ አብላጫ የቀረ አባል አይቆጠርም፤ በዚህኛው ግን የቀረ ሁሉ እንደተቃወመ ነው የሚቆጠረው። መንግሥት አባላቱን አንድ በአንድ ጠርቶ፣ አሳምኖ፣ ወንበራቸው ላይ ማስቀመጥ አለበት። ጥምር መንግሥት ወይም አናሳ መንግሥት (የራሱ አብላጫ መቀመጫ የሌለው) ይህን በደንብ ይሰማዋል።

የፖርቱጋል የዕርዳታ ሞት ሕግ፣ ማለትም በጽኑ የታመመ ሰው በሐኪም ዕርዳታ ሕይወቱን እንዲያበቃ የሚፈቅደው ሕግ፣ ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ምክር ቤቱ በ2021 መጀመሪያ ያሳለፈውን ሕግ ፕሬዚዳንት ማርሴሎ ሬቤሎ ደ ሶዛ ወደ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ላኩት፤ ፍርድ ቤቱም ጣለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተሻሻለው ሲመጣ መለሱት። ሦስተኛውን ረቂቅ በ2023 መጀመሪያ እንደገና ለፍርድ ቤት ላኩት፤ አሁንም ወደቀ። አራተኛውን በሚያዝያ መለሱት። በግንቦት ምክር ቤቱ ከሚፈለገው በላይ ድምፅ አግኝቶ አሳለፈው፤ ፕሬዚዳንቱም ሕገ መንግሥቱ እንደሚያዘው ፈረሙ። ፕሬዚዳንቱ አጥባቂ ካቶሊክ ናቸው፤ የግል እምነታቸው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ የመጨረሻውን ቃል ለምክር ቤቱ ሰጠ። ምክር ቤቱም በየዙሩ የሕጉን ቃላት እንዲያጠራ ተገደደ። ሕጉን ለሚደግፈው ሁለት ዓመት የመጉላላት ጊዜ ነበር፤ ስለ ሞትና ሕይወት የሚደነግግ ሕግ ይህን ያህል ጊዜ መውሰዱ ግን ለእኔ አይከብደኝም።

ሁለተኛው ደረጃ ከዚህ በጣም ይለያል። በፖላንድ ፕሬዚዳንቱ የመለሰውን ሕግ ለማሳለፍ፣ ቢያንስ ግማሹ አባላት በተገኙበት፣ የሦስት አምስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። 460ዎቹም ቢገኙ 276 ማለት ነው። ከ1997ቱ ሕገ መንግሥት በፊት የነበረው መስፈርት ሁለት ሦስተኛ ነበር፤ አርቃቂዎቹ ዝቅ አድርገውታል። ያም ሆኖ ሦስት አምስተኛ በፓርላማ ሥርዓት በጣም ከባድ ግንብ ነው፤ ምክንያቱም መንግሥት ለመመሥረት የሚበቃው ድምፅ ሕግ ለማውጣት አይበቃም ማለት ነው።

አንድ አንቀጽ በሁለት ጊዜ የኖረውን ሕይወት ማነጻጸር ይጠቅማል። በሐምሌ 2017 ፕሬዚዳንት አንጄይ ዱዳ ከራሳቸው የፖለቲካ ጎራ የመጡ ሁለት የዳኝነት ሕጎችን መለሱ፤ ሦስተኛውን ግን ፈረሙ። በጎዳና ላይ ለነበሩት ሰልፈኞች ቬቶው የዳኝነት ነጻነት ጋሻ መሰለ። ገዥው ፓርቲ 235 መቀመጫ ብቻ ስለነበረው ሊሽረው አልቻለም። ሆኖም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ያቀረቧቸው ረቂቆች ጸደቁ፤ እነርሱም ከብዙ ትችት አላመለጡም። ከ2023 ምርጫ በኋላ ደግሞ ዶናልድ ቱስክ 248 መቀመጫ ይዞ መንግሥት ሲመሠርት፣ ያው ቬቶ የአዲሱን መንግሥት ፕሮግራም ማገጃ ሆነ። መንግሥት ያለው አብላጫ ነው፤ ነገር ግን 276 አይደለም። መራጩ በምርጫ የለወጠውን ፖሊሲ ፕሬዚዳንቱ በፊርማው ሊያቆየው ቻለ። ካሮል ናቭሮትስኪ በ2025 ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም ይህ ፍጥጫ ቀጥሏል።

የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች «እርሱንም የመረጠው ሕዝብ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፦ ሁለት የሕዝብ ውክልናዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ በመካከላቸው የሚዳኝ የለም፣ ጊዜ ግን ይሄዳል። ከፍተኛ ድምፅ የሚጠይቅ ቬቶ መምረጥ የሚፈልግ ሰው ወዳጁ ፕሬዚዳንት የሆነበትን ዘመን ብቻ አይመልከት፤ ተቃዋሚው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱ ወገን በ248 መቀመጫ መንግሥት የመሠረተበትን ዘመን ያስብ።

ወደ ፍርድ ቤት መላክ

ከሁሉም አማራጮች ለሕገ መንግሥት ጥሰት የሚስማማው ይህ ነው፤ ግን ውስጡ ሦስት የተለያዩ አሠራሮች አሉት።

በአየርላንድ ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ምክር ቤት ተብሎ የሚጠራውን አማካሪ አካል ካነጋገረ በኋላ ረቂቁን በ7 ቀናት ውስጥ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊልክ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ በ60 ቀናት ውስጥ ይወስናል። የገንዘብ ረቂቆችና የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች አይላኩም። ፕሬዚዳንቱ በፖሊሲው ላይ አስተያየት አይሰጥም፤ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያቀርበው። ይህ ጨዋ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ጨዋነቱ ከጥቃት አላዳነውም። በ1976 ፕሬዚዳንት ካርል ኦ ዳሊ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ረቂቁን ወደ ፍርድ ቤት ላኩት። ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥታዊ ነው አለ፤ እርሳቸውም ፈረሙ። ከቀናት በኋላ የመከላከያ ሚኒስትሩ በወታደሮች ፊት ፕሬዚዳንቱን በአደባባይ አዋረዷቸው። ፕሬዚዳንቱ የተቋሙን ክብርና ነጻነት ለመጠበቅ ሲሉ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ቀድሞ የአገሪቱ ዋና ዳኛ የነበሩ ሰው ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸውን ሥራ በትክክል ስለሠሩ ነው ይህ የደረሰባቸው። ሥልጣን በጽሑፍ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ፣ በሥልጣኑ መጠቀምን እንደ ጠላትነት የማያይ የፖለቲካ ባህልም እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የአየርላንድ አሠራር ሌላ ወጥመድም አለው። በዚህ መንገድ ተፈትሾ ያለፈ ሕግ ከዚያ በኋላ ሕገ መንግሥታዊነቱ በፍርድ ቤት ፈጽሞ ሊጠየቅ አይችልም። ዳኞቹ በ60 ቀናት፣ አንድም ተጎጂ በፊታቸው ሳይቆም፣ በወረቀት ብቻ ፈትሸው ለዘላለም ያትሙታል። ይህን አሠራር የሚወስድ አገር ይህችን ክፍል ትቶ ቢወስድ ይሻለዋል።

በጀርመን ፕሬዚዳንቱ የሚልክበት የለም፤ ራሱ ይፈትሻል። መሠረታዊ ሕግ የሚባለው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 82 ሕገ መንግሥቱን ተከትለው የወጡ ሕጎችን ይፈርማል ስለሚል፣ ሕጉ በግልጽ ተቃራኒ ከሆነ አለመፈረም ይችላል የሚለው ልማድ ጸንቷል። ከ1949 ወዲህ ይህ የሆነው ከአሥር ጊዜ ባነሰ ነው። ሪካርድ ፎን ቫይትሴከር በ1991 የአየር በረራ ቁጥጥርን ወደ ግል አደረጃጀት የሚያዞረውን ሕግ አልፈርምም ሲሉ ምክር ቤቶቹ በቀጣዩ ዓመት ሕገ መንግሥቱን ራሱን አሻሻሉ። ሆርስት ኮለር በ2006 በዚያው የበረራ ቁጥጥር ጉዳይና በሸማቾች መረጃ ሕግ ላይ ሁለት ጊዜ ፊርማቸውን ከለከሉ። ኦስትሪያም በ2008 ተመሳሳይ ነገር አይታለች፤ ሃይንትስ ፊሸር ቅጣትን ወደ ኋላ መልሶ የሚሠራ ድንጋጌ ያለበትን ሕግ አልፈረሙም። ፕሬዚዳንቱ ጠንቃቃ ሰው ሲሆን ይህ አሠራር ፈጣንና ርካሽ ነው። ጠንቃቃ ባልሆነ ሰው እጅ ግን አንድ ግለሰብ የራሱን የሕግ ትርጉም በምክር ቤት ላይ የሚጭንበት ይሆናል። በ2002 ዮሐነስ ራው በስደተኞች ሕግ ላይ የያዙት መንገድ ትምህርት ይሰጣል፤ በላይኛው ምክር ቤት የነበረው የድምፅ አሰጣጥ አከራካሪ ቢሆንም ፈርመው ጥያቄውን ለፍርድ ቤት ተዉት። ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሕጉን ሻረ።

ሦስተኛው የኢስቶኒያ መንገድ ነው፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በ14 ቀናት ውስጥ ከምክንያቱ ጋር ይመልሳል። ምክር ቤቱ ሳያሻሽል ደግሞ ካጸደቀው፣ ፕሬዚዳንቱ ወይ ያውጃል ወይ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ሌላ አማራጭ የለም። በ2020 ፕሬዚዳንት ኬርስቲ ካልዩላይድ ዜጎች የጡረታ ቁጠባቸውን ቀድመው እንዲያወጡ የሚፈቅደውን ሕግ መለሱ። ምክር ቤቱ እንዳለ ደገመው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት ሕገ መንግሥታዊ ነው አለ፤ ሕጉ በ2021 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ፕሬዚዳንቷ ተሸነፉ፤ ነገር ግን ያልተሰማ ወገን የለም። ፖሊሲውን ምክር ቤቱ ወሰነ፣ ሕገ መንግሥቱን ዳኞች ተረጎሙ፣ ፕሬዚዳንቷ ሁለቱንም አስጠየቁ። የደቡብ አፍሪካም አንቀጽ 79 ቅደም ተከተሉ ይመሳሰላል፤ ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥታዊነት ብቻ ጥርጣሬ ሲኖረው ይመልሳል፣ ካልረካ ወደ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ይልካል። ነገር ግን እዚያ የቀን ገደብ አልተቀመጠም፤ ረቂቆችም በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ለዓመታት የቆዩበት ጊዜ አለ።

ወደ ሕዝብ መላክ

አይስላንድ ፕሬዚዳንቱ ያልፈረመው ሕግ ወዲያው ሥራ ላይ እንዲውል፣ ግን በሕዝበ ውሳኔ እንዲፈተን ታደርጋለች፤ ሕዝቡ ካልተቀበለው ይሻራል። ሪፐብሊኩ በ1944 ከተመሠረተ ጀምሮ ለ60 ዓመታት ማንም አልተጠቀመበትም። ኦላፉር ራግናር ግሪምሶን በ2004 የመገናኛ ብዙኃን ሕግን ሳይፈርሙ ሲቀሩ መንግሥት ሕጉን ራሱ አነሳው። በ2010 ግን የወደቀው ባንክ የውጭ አስቀማጮች ዕዳ፣ አይስሴቭ የሚባለው ጉዳይ መጣ። ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰዎች ፈርመው ፕሬዚዳንቱን ጠየቁ፤ ፕሬዚዳንቱም አልፈረሙም። በመጋቢት ከድምፅ ሰጪዎች ከ90 በመቶ በላይ ዕዳውን ለመክፈል የተደረሰውን ስምምነት ጣሉት። በ2011 የተሻሻለው ስምምነትም 60 በመቶ ገደማ ተቃውሞ ወደቀ።

ይህ አማራጭ ፕሬዚዳንቱን ዳኛ አያደርገውም፤ ጥያቄውን ወደ ምንጩ ይመልሳል። ለዚህ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን የአይስላንድ ሕዝብ ትንሽ ነው፣ ጉዳዩም እያንዳንዱን ግብር ከፋይ የሚነካ ነበር። ሰፊና በብሔር ወይም በሃይማኖት የተከፋፈለ ሕዝብ ባለበት፣ ፕሬዚዳንቱ በአንድ ፊርማ አገሪቱን ወደ ምርጫ ሣጥን መውሰድ መቻሉ አናሳዎችን ሊያስፈራ ይገባል። ላትቪያ የተሻለ ጥንቃቄ አድርጋለች፤ ፕሬዚዳንቱ የሕጉን መውጣት ለሁለት ወራት ያግዳል፣ ሕዝበ ውሳኔ የሚካሄደው ግን ከመራጮች አንድ አሥረኛው ከፈረመ ብቻ ነው። ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛው ከጠየቁም ፕሬዚዳንቱ ለማገድ ይገደዳል፤ ማለት ተቃዋሚውም በሩን ማንኳኳት ይችላል።

ዝም ሲል ምን ይሆናል?

አርቃቂዎች በድምፅ መጠን ላይ ሲከራከሩ ይውሉና ይህችን ጥያቄ ይረሷታል። እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቅባት እርሷ ናት። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው በሕግ አወጣጥ አይሠራም፤ ትርጉሙ ያልተጻፈ ዝምታ ከማንኛውም ቬቶ የበለጠ ኃይል አለው።

የሕንድ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ የመጀመሪያ ውሳኔ የቀን ገደብ አልሰጠም። ምክር ቤቱ በ1986 ያጸደቀው፣ መንግሥት የፖስታ መልእክቶችን ለመጥለፍ ሰፊ ሥልጣን የሚሰጠው ረቂቅ ለፕሬዚዳንት ዛይል ሲንግ ሲቀርብ አልፈረሙትም፣ አልመለሱትምም። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ብዙዎች፣ እኔም ጭምር፣ ይህ ረቂቅ በመቅረቱ ደስ ሊለን ይችላል። መንገዱ ግን አደገኛ ነው። ምክንያት ያልተሰጠበትን እምቢታ ምክር ቤቱ ሊመልስለት፣ ፍርድ ቤት ሊመረምረው፣ ዜጋ ሊከራከርበት አይችልም።

የፓኪስታን ምሳሌ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ነው። አንቀጽ 75 ፕሬዚዳንቱ በ10 ቀናት ውስጥ እንዲፈርም ወይም እንዲመልስ ያዛል። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ደግመው ካጸደቁት በኋላ በ10 ቀናት ካልፈረመ እንደፈረመ ይቆጠራል ይላል። በመጀመሪያው ዙር ዝም ካለስ? አንቀጹ አይናገርም። በነሐሴ 2023 ፕሬዚዳንት አሪፍ አልቪ የወታደራዊና የመንግሥት ምስጢር ሕጎች ማሻሻያዎችን እንዳልፈረሙ፣ ረቂቆቹ በጊዜው እንዲመለሱ ለሠራተኞቻቸው ነግረው እንደነበረ በአደባባይ ተናገሩ። መንግሥት ግን ሕጎቹ ጸንተዋል አለ። ሰዎችን ለእስር የሚዳርግ ሕግ፣ ሕግ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በአንድ ቢሮ ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ተንጠለጠለ።

ስለዚህ የትኛውንም አማራጭ ብትመርጡ በየደረጃው ቀን ቁረጡ፤ ቀኑ ሲያልፍም ምን እንደሚሆን ጻፉ። ፊንላንድ ለፕሬዚዳንቷ የሦስት ወር ጊዜ ትሰጣለች፤ ካልጸደቀ ረቂቁ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል፣ ምክር ቤቱ ሳይለውጥ ከደገመው ያለ ፕሬዚዳንቱ ማጽደቅ ይጸናል። ሦስት ወር ለእኔ ረዝሞብኛል፤ ግን መጨረሻው የታወቀ ነው።

ማን መረጠው? ምንስ አይነካም?

ምክር ቤቱ የመረጠው ፕሬዚዳንት ያንኑ ምክር ቤት በከፍተኛ ድምፅ የማገድ ሥልጣን ቢሰጠው የሚያመጣው የራሱ ውክልና የለውም። ምክንያት ጽፎ የመመለስ ሥልጣን ግን ክብሩ ይፈቅድለታል። ሕዝብ በቀጥታ ሲመርጠው ግፊቱ ወደ ተቃራኒው ነው፤ «ውክልና አለኝ» የሚል ሰው ሥልጣኑን እስከ ጫፉ ይጠቀምበታል። ቼክ ሪፐብሊክ ከ2013 ጀምሮ ፕሬዚዳንቷን በቀጥታ ስትመርጥ የቬቶውን መጠን አልጨመረችም፤ ይህ ብልህ ውሳኔ ነበር።

በጀትን ከቬቶ ማውጣት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚስማማበት ነው። በፖላንድ ፕሬዚዳንቱ የበጀት ሕግን መመለስ አይችልም። ሲንጋፖር ደግሞ ተቃራኒውን መርጣለች፤ ከ1991 ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ በተራ ሕጎች ላይ ሳይሆን በተጠራቀመው የአገሪቱ ሀብትና በቁልፍ ሹመቶች ላይ የመከልከል ሥልጣን አለው። በ2009 መንግሥት ከተጠባባቂው ሀብት ለማውጣት የፕሬዚዳንት ናታንን ፈቃድ ጠይቆ አግኝቷል። ትልቅ ክምችት ለሌለው አገር ይህ ሐሳብ ብዙ አይጠቅምም።

ለየትኛው አገር የትኛው?

ፕሬዚዳንቱ በምክር ቤት የሚመረጥ ከሆነ፣ ነጻ የሕገ መንግሥት ዳኝነትም ካለ፣ የኢስቶኒያን መንገድ ውሰዱ፤ ሁለተኛው ድምፅ ከጠቅላላው አባላት ግማሽ በላይ እንዲሆን የቼክን መስፈርት ጨምሩበት። ጥምር መንግሥታት በየዓመቱ የሚፈርሱበት አገር ከሆነ መስፈርቱን ወደ ተራ አብላጫ አውርዱት፤ ያለበለዚያ ሕግ ማውጣት ራሱ ይቆማል። በቀጥታ የተመረጠ ፕሬዚዳንት ካለ ከጠቅላላው አባላት ግማሽ በላይ አትለፉ።

አንድ ፓርቲ ከመቀመጫዎቹ ሦስት አራተኛውን በያዘበት አገር ደግሞ ስለ ድምፅ መጠን መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁለት ሦስተኛም ሦስት አምስተኛም አያግደውም። እዚያ የሚጠቅመው የሚታተም ምክንያትና የፍርድ ቤት በር ነው፤ በሩንም ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ሳይሆን፣ ላትቪያ በእገዳው እንዳደረገችው፣ ለተወሰነ የምክር ቤት አባላት ቁጥርም ክፈቱት። ፕሬዚዳንቱ ከገዥው ፓርቲ የመጣ ሊሆን ይችላልና። ዳኝነቱ ነጻ ካልሆነ ግን ወደዚያ መላክ ለመጥፎ ሕግ ማኅተም መጨመር ነው፤ ያን ጊዜ ከአየርላንድ ይልቅ ወደ ጣሊያን መንገድ መጠጋት ይሻላል።

ረቂቅ አንቀጽ ሲቀርብላችሁ በመጨረሻ አንድ ነገር ፈልጉ፦ ምክር ቤቱ ደግሞ ካጸደቀና ፕሬዚዳንቱ አሁንም አልፈርምም ካለ፣ ሕጉን በነጋሪት ጋዜጣ የሚያሳትመው ማን ነው? አንቀጹ አፈ ጉባዔውን ወይም ሌላ ባለሥልጣን በስም ካልጠቀሰ፣ ቀኑም ካልተጻፈ፣ አርቃቂዎቹ እንዲጨምሩት ጠይቁ።